የመርፌው ቀን ይጻፍ
ግልጽ ደብዳቤ ለአፋር ክልል ጤና ቢሮ

ለአፋር ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ሰመራ

ግልባጭ፦ ለጤና ሚኒስቴር፤ እንዲሁም ከአዋሽ እስከ ሎግያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ለሚሠሩ አዋላጅ ነርሶች

ጉዳዩ፦ ያለጊዜያቸው ሊወልዱ ለተቃረቡ እናቶች የሚሰጠው የዴክሳሜታሶን መርፌ በእናትየዋ ካርድ ላይ እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ አንዲት እናት ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ያለፈችባቸውን ጤና ጣቢያዎችም አልጠራም፤ ሰው ልከስ አልተነሣሁምና። ደግሞም ክስ ቢኖር ከተከሳሾቹ አንዷ እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰባት ወር ገደማ ሲሆናት ሆዷን ይቆርጣት ጀመር። በአቅራቢያዋ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ምጥ ነው ተባለና በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ አራት መርፌ ተወጋች። ምጡ ተዋት። ቤተሰቡ ከብቱን ተከትሎ ተጓዘ፤ እሷም አብራ ሄደች። ሁለት ሳምንት በቅጡ ሳይሞላ ሕመሙ ተመለሰ፤ ሌላ ጤና ጣቢያ፣ ሌላ አራት መርፌ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲይዛት የመጣችው እኔ ወደምሠራበት ነው። የክትትል ካርዷ አልነበረም። «መርፌ ተወግተሻል ወይ?» ብዬ በአስተርጓሚ አስጠየቅኋት። «አዎ፣ ብዙ» አለችና ጭኗን አሳየችኝ። ምን መርፌ? መቼ? እሷ ከየት ታውቀዋለች፤ የነገራት የለም። የሕመም ማስታገሻ ይሁን፣ የወባ ይሁን፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይሁን መለያ አልነበረኝም። ሌሊት ነው፤ አምቡላንሱም ሌላ እናት ይዞ ወጥቷል። እኔም ወጋኋት።

ያም ምጥ ተዋት። በመጨረሻ የወለደችው ወሯ ገብቶ ነው። ሴት ልጅ፤ 2 ኪሎ ከ100 ግራም። ጭንቅላቷም ወሩን ጨርሶ ከተወለደ ልጅ ጭንቅላት አነስ ያለ ነበር። አባትየው ከሽርጡ እጥፋት ላብ ያራሰውን የሪፈር ወረቀት አውጥቶ ሲሰጠኝ ነው የቀደሙትን ስምንት መርፌዎች ያወቅሁት። ልጅቷ ያነሰችው በመርፌው ነው ብዬ ልምል አልችልም። እናትየዋ ከስታ ነበር፤ ዓመቱም ድርቅ ነበር። ግን መርፌው አላደረገውም ብዬም ልምል አልችልም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው።

የምጠይቃችሁ ነገር ትንሽ ነው፤ በካርዱ ላይ አንድ መሥመር ብቻ። ለምን እንደምጠይቅ ለማስረዳት ግን ትንሽ ረዘም አድርጌ መጻፌን ፍቀዱልኝ።

ዴክሳሜታሶንን የማያውቅ ባለሙያ የለም፤ «ዴክሳ» እያልን እናቆላምጠዋለን። ርካሽ ነው። እንደ ኦክሲቶሲን ማቀዝቀዣ አይጠይቅም፤ የሰመራን የግንቦት ሙቀት ለቀመሰ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባለሙያ ያልሆነ አንባቢ ዴክሳ «ስቴሮይድ» ነው ሲባል ስፖርተኞች ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወስዱት እንዳይመስለው፤ እሱ ሌላ ነው። ይህኛው ከኩላሊታችን በላይ ያለችው እጢ የምታመነጨው የኮርቲሶል ሰው ሠራሽ ዘመድ ነው፣ ከኮርቲሶል ግን እጅግ የበረታ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ኦክስጅን ላይ ያሉ የኮቪድ ሕሙማንን ሞት ይቀንሳል ብለው ያበሰሩት ይኸው መድኃኒት ነበር።

ይህ ዓይነቱ መድኃኒት ለነፍሰ ጡሮች መሰጠት የጀመረው በበግ ምክንያት ነው፤ በአርብቶ አደር ክልል ይህ ታሪክ ቢነገር ያምርበታል። ኦክላንድ፣ ኒውዚላንድ ውስጥ ግራሃም ሊጊንስ የሚባል ሐኪም ምጥ በምን እንደሚነሣ ለማወቅ ማህፀን ውስጥ ላሉ ግልገሎች ይህን ዓይነት ሆርሞን ይሰጥ ነበር። ግልገሎቹ ያለጊዜያቸው ተወለዱ። በዚያ ዕድሜ የተወለደ ግልገል መተንፈስ አይችልም፤ የእሱ ግልገሎች ግን ተነፈሱ። ሳንባቸው ተከፍቶ ተገኘ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1969 ጻፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከሕፃናት ሐኪሙ ከሮስ ሃዊ ጋር የዴክሳ ዘመድ በሆነው በቤታሜታሶን በ282 እናቶች ላይ የተደረገውን ሙከራ አወጡ፤ በመተንፈሻ ችግር የተያዙት ሕፃናት መድኃኒቱን ባላገኙት ወገን ከመቶ 26 ያህል ሲሆኑ ባገኙት ወገን 9 ብቻ ነበሩ።

የእኛን አገር ያየን እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የኢትዮጵያ ጥናት በጎንደር፣ በጅማ፣ በጥቁር አንበሳ፣ በጳውሎስና በጋንዲ ሆስፒታሎች ያለጊዜያቸው ተወልደው ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ ሕፃናትን ተከታትሏል። ከመቶ 29ኙ ሞቱ። ከሞቱት መካከል 45 በመቶው የሞቱት በዚያው በሳንባ አለመብሰል ነው። እንግዲህ እነዚያ ከአገሪቱ ታላላቅ ሆስፒታሎች መካከል ናቸው፤ በዱብቲና በአዋሽ በኩል ምን እንደሚሆን አንባቢ ይገምት።

ስለዚህ «ዴክሳ ይቅር» የሚል ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2020 በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን 29 ሆስፒታሎች በ2,852 እናቶች ላይ የተደረገው የዓለም ጤና ድርጅት ሙከራ ውጤት ወጥቷል። መድኃኒቱን ካገኙት እናቶች ሕፃናት 19.6 በመቶው ሲሞቱ ካላገኙት 23.5 በመቶው ሞተዋል። የእኛን ከመሰለ አገር የተገኘ ማስረጃ ነውና ልንቀበለው ይገባል። የእኔ ክርክር መርፌው በስንት ዙር (አራቱ መርፌ አንድ ዙር ነው)፣ በስንተኛው ወርና የት እንደሚሰጥ ነው።

ዙሩ ለምን እንደሚያሳስበኝ ለማስረዳት ሙዝ ልጥቀስ። የመልካ ሰዲንና የአሚባራን እርሻ ያየ፣ ወይም በአዋሽ መንገድ ዳር ሙዝ የሸጠ ሰው የማያውቀው ነገር አልነግረውም። አረንጓዴ ሆኖ የተቆረጠ ሙዝ ክፍል ውስጥ ታፍኖ ሲቆይ ይበስላል፤ ቢጫ ይሆናል፣ ይጣፍጣል። ከተቆረጠ በኋላ ግን አይወፍርም። ማደግና መብሰል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ሲጀመር የመጀመሪያው ይቆማል።

ጽንሱም ላይ የሚሆነው ይህን ይመስላል። ልጅ በማህፀን ውስጥ እንዲያድግ የሚያደርጉት ዋናዎቹ ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ኢንሱሊን ስለሚመስሉ በዚያው ስም አይጂኤፍ-1 እና አይጂኤፍ-2 ይባላሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። አንደኛው ከእናት በሚመጣው ስኳር መጠን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ምግብ ሲኖር ይበዛል፣ እናት ስትራብ ይመነምናል። በተወለደ ሕፃን እትብት ደም ውስጥ ያለው አይጂኤፍ-1 ብዙ ከሆነ ሕፃኑ ከባድ፣ ጥቂት ከሆነ ቀላል ሆኖ መገኘቱ በተደጋጋሚ ታይቷል። እነዚህ ፕሮቲኖች በደም ውስጥ ብቻቸውን አይዞሩም፤ ያዥ ፕሮቲኖች አሏቸው። ከያዦቹ አንዱ፣ ቁጥር አንድ የሚባለው፣ የእድገቱን ፕሮቲን ጨብጦ ወደ ሥራው እንዳይደርስ ያደርገዋል። ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ኬላ ላይ ሲቆም እንደማለት ነው፤ ዕቃው አለ፣ ገበያ ግን አልደረሰም።

ወራቱ ሲሞላ የልጁ የራሱ እጢ ኮርቲሶል ይጨምራል። በግልገሎች ላይ እንደታየው ያ ኮርቲሶል በጉበት ውስጥ አይጂኤፍ-2 የሚሠራውን ዘረ-መል ያደበዝዘዋል፤ ሳንባውን፣ ጉበቱን፣ አንጀቱን ደግሞ ያበስላል። «ማደግ ይብቃ፣ ለመውጣት ተዘጋጅ» የሚል ትእዛዝ ነው። ስቴሮይድ መርፌ ስንሰጥ ይህንኑ ትእዛዝ ከስድስት ወይም ከስምንት ሳምንት አስቀድመን እናስተላልፋለን። ሳንባው ሰርፋክታንት የሚባለውን፣ የአየር ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ የሚያደርገውን ፈሳሽ ማምረት ይጀምራል፤ የምንፈልገውም ያንን ነው። በዚያው መርፌ ግን ያዡ ፕሮቲን ይጨምራል፣ የእድገት ፕሮቲኖቹም ሥራ ይቀንሳል። ነገ የሚወለድ ልጅ ከሆነ ይህ ዋጋ ኢምንት ነው፤ ትንፋሽ ከግራም ይበልጣል። ሳይወለድ ሁለት ወር ከቆየ ግን፣ ሦስት ጊዜም «እደግ አትበል» ከተባለ፣ ሒሳቡ ይለወጣል።

ለመሆኑ የእናትየዋ የራሷ ኮርቲሶል ለምን ልጁን እንዲህ አያደርገውም? የእንግዴ ልጁ ኬላ ስለሆነ ነው። እዚያ የተቀመጠ አንድ ኤንዛይም ከእናት የሚመጣውን ኮርቲሶል አብዛኛውን ይዞ ኮርቲሶን ወደሚባል ሥራ ፈት ነገር ይለውጠዋል። የእኛ የአዋሽና የሚሌ ኬላዎች መኪና ሲፈትሹ አይቶ የማያውቅ የአፋር ልጅ የለም፤ ኤንዛይሙም እንደዚያ ነው። ዴክሳሜታሶንና ቤታሜታሶን ግን ለዚህ ፈታሽ በቀላሉ አይያዙም፤ እያዩት ያልፋሉ። የተመረጡትም ለዚሁ ነው፤ የማያልፍ መድኃኒት ለልጁ ሳንባ ምን ይረባል?

በዚህ ኬላ ጉዳይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ፕሮቲን የጎደለው መኖ በተሰጣቸው አይጦች የእንግዴ ልጁ ኤንዛይም ሲዳከም ታይቷል። ሰው አይጥ አይደለም፤ ይህን ወደ አፋር እናት ዘልዬ አላመጣም። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በክልላችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ መቶ ልጆች 41 ያህሉ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ዕድሜያቸው አምስት ሳይሞላ የሚሞቱትም ከሺህ 125 ነበሩ፤ ከክልሎች ሁሉ የከፋው ቁጥር። የአፋር ጽንስ በድርቅ ዓመት ከመጀመሪያውም የእድገት ፕሮቲኑ በእናቱ ረሃብ ልክ የተቀነሰበት ነው። ከዚያ ላይ የምንቀንስበት ካለ ቢያንስ አውቀን፣ ቆጥረን ይሁን።

መደጋገሙ ምን እንደሚያስከትል ከበግ አልፎ በሰውም ታይቷል። አውስትራሊያ ውስጥ ለእርጉዝ በጎች መርፌው በተደጋገመ ቁጥር የግልገሎቹ ክብደት እየወረደ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2008 በ20 አገሮች በ1,858 እናቶች ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤት ወጣ፤ በየሁለት ሳምንቱ መርፌውን እየደገሙ ያገኙት እናቶች ሕፃናት አማካይ ክብደት 2,216 ግራም፣ አንድ ዙር ብቻ ያገኙት 2,330 ግራም ነበር። ቁመታቸው ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ የጭንቅላታቸው ዙሪያ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አነሰ። በድጋሚ መርፌው የተገኘ ትርፍ ግን አልነበረም። 114 ግራም ለአራት ኪሎ ሕፃን ምንም ነው። በእጄ ተቀብዬ ሚዛን ላይ ያስቀመጥኋት ያቺ ልጅ ግን አራት ኪሎ አልነበረችም።

አንድ ዙር የወሰደች እናት ይህን አንብባ እንዳትደነግጥ ቶሎ ልበል። ሊጊንስና ሃዊ በጀመሩት ሙከራ የተወለዱት ልጆች 30 ዓመት ሲሞላቸው ተመርምረዋል። ቁመታቸውም ክብደታቸውም የደም ግፊታቸውም ከሌሎቹ አልተለየም፤ ስኳር ጠጥተው ሲለኩ የኢንሱሊን አሠራራቸው ላይ መጠነኛ ልዩነት ታይቷል፤ በቃ። አንድ ዙር በሰዓቱ የተሰጠ መርፌ ልጅ አትርፏል፣ ልጅ አልጎዳም። በሌላ በኩል ፊንላንድ ውስጥ ከ670 ሺህ በላይ ልጆችን የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት አለ። እናቶቻቸው መርፌውን ወስደው በኋላ ወራቸውን ጨርሰው የተወለዱ ልጆች ዘንድ የአእምሮና የጠባይ ችግር መጠኑ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ምክንያቱ መድኃኒቱ ነው ብሎ ለመደምደም አይበቃም። ምጥ ያልሆነን ምጥ ነው ብሎ በችኮላ መውጋትን ግን እንድናስብበት ይበቃል።

ዓለም ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተቻኩሏል። አርጀንቲና፣ ጓቲማላ፣ ሕንድ፣ ኬንያ፣ ፓኪስታንና ዛምቢያ ውስጥ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጉ ወሊዶችን ያካተተ ታላቅ ሙከራ ተደረገ። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ መርፌው በሆስፒታል ብቻ ለምን ይታጠር፣ ገጠር ላለው ጤና ሠራተኛም ይድረስ። ሲጨርሱ ትንንሾቹ ሕፃናት አልዳኑም፤ በጠቅላላው ግን የጨቅላ ሞት ከሺህ በ3.5 ጨመረ፣ የእናቶች የኢንፌክሽን ጥርጣሬም ከፍ አለ። መድኃኒቱ ያው መድኃኒት ነው። የተለወጠው የእርግዝናው ዕድሜ በግምት መታወቁና መርፌውን ከወሰዱት ብዙዎቹ ያለጊዜያቸው አለመውለዳቸው፣ እንዲሁም ለተወለዱት ጨቅላዎች በቂ እንክብካቤ አለመኖሩ ነበር። ይህን ሳነብ የማውቃቸው ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች ናቸው በዓይኔ የዞሩት።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሁሉ አይቶ ነው መርፌው ከ24ኛው እስከ 34ኛው ሳምንት ይሰጥ፣ ግን የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል ከታወቀ፣ ወሊዱ በእርግጥ የቀረበ ከሆነ፣ እናትየዋ ኢንፌክሽን ከሌለባት፣ ለእናትም ለጨቅላም በቂ እንክብካቤ ካለ ያለው። ከሰባት ቀን በኋላ ካልወለደችና በሚቀጥለው ሳምንት ትወልዳለች የሚያሰኝ ነገር ካለ አንድ ጊዜ ብቻ መድገም ይፈቅዳል። አንድ ጊዜ። እኔ የወጋኋት ሦስተኛውን ዙር ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። የወር አበባዋ የቀረበትን ቀን የምታስታውስ እናት በአዋሽ ከተማ እንኳ ብዙ አይደለችም። «መቼ ነው ያረገዝሽው?» ስትባል በዝናብና በወቅት ትቆጥራለች፤ ሱጉም ሳይዘንብ፣ ከርማ ሲገባ፣ ጊላል መሀል ላይ። መጀመሪያ ላይ ይህ ያናድደኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ እሷ አልሳተችም፣ ያልጠየቅኋት እኔ ነኝ። በየትኛው የከርማ ዝናብ? ከብቱ የት ነበር? የእገሌ ሰርግ ቀድሞ ነው ወይስ ተከትሎ? እንዲህ ሲጠየቁ እናቶቹና አማቶቻቸው በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ያስቀምጡታል። ዳጉ ያለው ሕዝብ ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ቆሞ ስለ ግጦሹም፣ ስለ ውኃውም፣ ስለ ታመመውም፣ ስለ ተወለደውም ጠይቆ፣ የሰማውን ሳያዛባ ለሚቀጥለው የሚያደርስ ሕዝብ። እኛ የጽሑፍ ሰዎች ነን ባዮቹ ነን የአንዲትን እናት ወሬ ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው ማድረስ ያቃተን።

በእርግጥ ሱጉምና ከርማ ሳምንት አይቆጥሩም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የታየ አልትራሳውንድ ከአንድ ሳምንት በማይበልጥ ልዩነት ዕድሜውን ይናገራል፤ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ሲታይ ግን ስሕተቱ ሦስት ሳምንት ሊደርስ ይችላል። እናት በምጥ ስትመጣ የአልትራሳውንዱን ፕሮብ ሆዷ ላይ ብናሳርፍ እንግዲህ ዘግይተናል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ ለእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ይገባታል ያለው ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ነው። መሣሪያው በደረሰባቸው ቦታዎች የሚታየው ዘግይታ ለመጣችው ብቻ እንዳይሆን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቀደም ብለው እንዲልኩ ቢታዘዝ ምን ይከብዳል? የመኪናው ነገር እንደሚከብድ አውቃለሁ። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመሀል ያሉትን ገዋኔንና ሚሌን ብንቆጥር እንኳ ከአስፋልቱ ወጥቶ የሚኖረው ሰው ይበዛል። ሚሌ ያለው የባርባራ ሜይ የእናቶች ሆስፒታል ባይኖር ኖሮ ያ መሀል ምን ይመስል እንደነበር አስባለሁ።

ደግሞም እናቶቻችን አንድ ቦታ አይቀመጡም፤ ይህ የታወቀ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ሲናጥ የተፈናቀሉት ሰዎች ካርድ ይዘው የወጡ ይመስላችኋል? ከዚያ በፊትም በጦርነቱ ጊዜ ከሰሜን ወደ ዱብቲ የፈለሱት እናቶች የያዙት ልጃቸውን ብቻ ነበር። የአዋሽ ሴት ሲጠናባት ወደ አዳማ ትላካለች፤ የሰመራዋ ወደ ዱብቲ። ሪፈር ወረቀቱ ላይ ብዙውን ጊዜ የማነበው «ዴክሳ ተሰጥቷታል» የሚል ነው። ስንት? ከመቼ ጀምሮ? ቀድሞስ? የለም።

የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ የእርግዝና ክትትል ካርዱ ላይም፣ ሪፈር ወረቀቱ ላይም አንድ መሥመር ይታተም። የስቴሮይድ መርፌ የተጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ የተሰጠው መጠን፣ ዙሩ የመጀመሪያ ይሁን ድጋሚ፣ የእርግዝናው ዕድሜ በምን እንደታወቀ፤ በአልትራሳውንድ፣ በወር አበባ ወይስ በዝናብ። «በዝናብ» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በግምት የተገኘን ቁጥር «32 ሳምንት» ብሎ እንደ እውነት መጻፍ ነው። እናትየዋም ባሏም በአፋርኛ ይነገራቸው፤ «ለልጁ ሳንባ የሚሆን መርፌ ነው፣ ሌላ ቦታ ከሄድሽ መወጋትሽን ተናገሪ» ይባል። ካርድ ይጠፋል፤ ለአፋር ሰው የተነገረው ወሬ ግን በቀላሉ አይጠፋም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከተላል። መርፌው ለብቻው አይሰጥ። የሚተነፍሰው ሳንባ ያለው ጨቅላ ቢበርደው፣ ጡት ባይጠባ፣ ኢንፌክሽን ቢይዘው ይሞታል። በአዋሽ ሙቀት ሕፃን ይበርደዋል ወይ የሚለኝ ሰው አለ፤ 1 ኪሎ ተኩል የሆነ ልጅ ሌሊት ላይ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ መጥቶ በእጁ ይንካው። በእናት ደረት ላይ ገላ ለገላ ማቆየት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቦታና ፈቃደኛ አማት ይጠይቃል። ይህ በሌለበት ቦታ እናትየዋን ቀድሞ መላክ መርፌውን ወግቶ ከማስቀመጥ ይሻላል። ከተላከች ደግሞ የመጀመሪያውን መርፌ ወግተን እንላካት፤ ቀሪውን የተቀበላት ይጨርስ፤ ለዚህም ያው መሥመር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የማይሆን ሊመስላችሁ ይችላል። መርፌውን የወሰዱ እናቶች ልጆች ሲወለዱ ክብደት ብቻ ሳይሆን ቁመትና የጭንቅላት ዙሪያ ይለካ፤ ለክትባት ሲመጡም ይደገም። የእድገት ፕሮቲኖቹን በደም መለካት ለእኛ ሩቅ ነው። ሜትር ግን ሩቅ አይደለም። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች አሉት፤ ክልሉ ደግሞ ከደጃፋቸው ነው። ስለ አፋር እናትና ስለዚህ መርፌ አንድ ቁጥር ለማወቅ ለምን ከኦክላንድና ከሄልሲንኪ እንጠብቃለን?

እ.ኤ.አ. በ2016 ከመቶ የአፋር እናቶች በጤና ተቋም የወለዱት 15 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 28 ከፍ ብሏል። ይህ የእናንተም የእኛም ልፋት ነው። ግን ወደ እኛ የምትመጣዋ እናት በበዛች ቁጥር መርፌውም ይበዛል። ቁጥሩ ትንሽ ሳለ ማስተካከል ይቀላል።

በእኔ በኩል ትእዛዝ አልጠበቅሁም። ቀይ እስክሪብቶ ገዝቼ በእያንዳንዷ ካርድ ጀርባ እጽፋለሁ። ባልደረቦቼ «የእገሊት ቀይ ጽሑፍ» እያሉ ይቀልዳሉ። ባለፈው አንዷ ነፍሰ ጡር ከሌላ ወረዳ ተመልሳ ስትመጣ ካርዷን አገላብጦ ያየው ሐኪም ድጋሚ እንዳልወጋት ነገረችኝ። ቀይ እስክሪብቶ ግን የአንድ ሰው ነው፤ የታተመ መሥመር የክልሉ ነው። በሚቀጥለው የካርድ ሕትመት ይግባልን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ